በውክልና የተወጋ ጣት

ሰው ሰርቶ ዝም ሲባል አንጀቴ አይችልም። አራት ልጅ አሳድጌ ድሬያለሁ፤ አራቱንም «የሰው ውለታ አትርሱ» እያልኩ ነው ያሳደግኳቸው። እንግዲህ እኔም በተራዬ፣ ከሚሴ ላይ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለ አንድ ጽህፈት ቤት ለህዝቡ የዋለውን ውለታ፣ ካየሁት ሳልጨምር ሳልቀንስ ልናገር። የጽህፈት ቤቱን ስም አልጠራም። ትሁት ሰዎች ናቸው፤ ስማቸው ሲነሳ አይወዱም። ከዚህ ነገር በኋላማ ጭራሽ አይወዱም።

ነገሩ የተጀመረው ማሽኗ የመጣች ቀን ነው። ማሽኗ የስኳር መለኪያ ናት፤ ግማሽ ሳሙና ብታክል ነው። ጣት ትወጋለች፣ የምስር ፍሬ የማታክል ደም ጠብ ትላለች፣ ደሟን ስትሪፕ የሚሏት ቀጭን ነገር ጫፍ ላይ ማስነካት ነው፤ አምስት ቆጥረህ ሳትጨርስ ቁጥሩ ይወጣል። ድሮ ክንዳችን ታስሮ፣ በብልቃጥ ተቀድቶ፣ «ነገ ኑ» ነበር የምንባለው። ማሻአላህ ነው መቼም።

የእኔ ደስታ ደግሞ ከሰው ይበልጣል። ባለቤቴ ረጀብ ስኳር ከያዘው ስድስት ዓመቱ ነው። ጠዋት ጠዋት ሃያ ዩኒት ኢንሱሊን ይወጋል። ሃያ ይሁን ሰላሳ የሚወሰነው በየወሩ በሚለካው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ መርፌው ይጨመራል፣ ዝቅ ካለ ይቀነሳል። ከአላህ በታች የረጀብ ነፍስ ያለችው እዚያች ቁጥር ላይ ነው ማለት ነው። ቁጥሯ ከዋሸች መርፌውም ይዋሻል። ይሄን እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩት አውቀዋለሁ። ጽህፈት ቤቱ ደግሞ ባለዲግሪ የሞላበት ነውና ሃሳብ አልገባኝም።

የጽህፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ጀይሉ ይባላሉ። በዚያ በከሚሴ ሙቀት ኮት የሚለብሱ ሰው ናቸው። ከእጃቸው ሃይላንድ አይጠፋም። አንድ ንግግር የሚጨርሱት በሁለት ሃይላንድ ውሃ ነው፤ በመሃል ደግሞ ሶስቴ አራቴ «ይቅርታ፣ አስቸኳይ ስልክ ነው» ብለው ወደ ጓሮ ይወጣሉ። ስልካቸው ጠረጴዛው ላይ ይቀራል። ኮቱም ከዓመት ዓመት እየሰፋቸው ነው። ኃላፊነት ሰውን እንዲህ ያቃጥለዋል እያልን እናዝንላቸው ነበር።

ማሽኗ ስራ ከመጀመሯ በፊት አቶ ጀይሉ የባለድርሻ አካላት ውይይት ጠሩ። እኔም ባለድርሻ አካል ነበርኩ። ድርሻዬ ረጀብ ነው። ሻዕባን ሊያልቅ፣ ረመዳን ሊገባ አስር ቀን ቢቀረው ነው፤ አዳራሹ ሙቀት፣ ቆርቆሮው ይንጣጣል። ማሽኗን እንዲያስረዳ ሙሀመድኑር የሚባለውን ነርስ አስነሱት። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጎረቤታችን ነው፣ ሰላም ሳይለኝ አያልፍም።

«ስትሪፑ ላይ የተቀባ ነገር አለ» አለ ሙሀመድኑር። «ስኳር ሲያገኝ በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ማሽኑ ያንን ኤሌክትሪክ ይለካና ወደ ቁጥር ይቀይረዋል። ስኳር ሲበዛ ኤሌክትሪኩ ይበዛል፣ ቁጥሩም...»

አቶ ጀይሉ ሃይላንዳቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

«ኤሌክትሪክ ነው ያልከው?»

«አዎ ጌታው፤ ግን በጣም...»

«በህዝባችን ጣት ላይ ኤሌክትሪክ?»

«ትንኝም አይገድል ጌታው። ባትሪውም የሰዓት ባትሪ ነው።»

«ትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቅ የሚሆነው ጥንቃቄ ሲጎድል ነው» አሉ አቶ ጀይሉ፣ ጸሐፊውም ጻፈ። «አንድ፣ ማንኛውም ተለኪ ላስቲክ ጫማ ያደርጋል። ሁለት፣ መብራት በጠፋ ሰዓት ልኬት አይካሄድም።»

«ጌታው፣ ባትሪ እኮ...»

«ሶስት። ጣታቸውን በምንድን ነው የምታጸዳው?»

«በአልኮል ነው። ጥጥ ነከር አድርገን...»

«አልኮል!» አሉ። «በዚህ አገር? ረመዳን ደጃፍ ላይ ቆሞ?»

የመስጊዳችን ሸህ ከፊት ተቀምጠው ነበር። «ለህክምና ነው፤ ቆዳ ላይ ነው። ምንም ችግር የለውም ልጄ» አሉ ቀስ ብለው።

«ሸሆቻችን ሊያዝኑልን ይችላሉ» አሉ አቶ ጀይሉ። «እኛ ግን ጽህፈት ቤት ነን።»

ረጀብ በጆሮዬ «ሰውየውን መስጊድ አይቻቸው አላውቅም» አለኝ። «መስጊዱ ሰፊ ነው፣ ዝም በል» አልኩት።

«እሺ ጌታው፣ እጃቸውን በውሃና በሳሙና ይታጠቡ» አለ ሙሀመድኑር። «እንዲያውም እሱ ይሻላል። ታጥበው ቢያደርቁት...»

«ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ!» አሉ አቶ ጀይሉ ደረታቸውን ይዘው። «ልጅ፣ ሰው ልትፈጅብን ነው? ጻፍ! በልኬት ቦታ ውሃ ክልክል ነው!»

ጭብጨባ ሆነ። እኔም አጨበጨብኩ። ጎረቤቴ ስታጨበጭብ እጄ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልበትም።

ሙሀመድኑር ላቡን ጠረገና የቀረችውን አንድ ነገር ተናገረ። «ቢያንስ ቁርስ ሳይበሉ ይምጡ። በባዶ ሆድ።»

«ጾመው ማለትህ ነው?»

«እንደዚያ ይያዝልኝ።»

አቶ ጀይሉ ሃይላንዳቸውን አስቀመጡ። ፊታቸው በራ። እንግዲህ ወሎ ነው፤ ጾመኛ ደጅህ መጥቶ ባዶ እጁን ይቆማል እንዴ? «ጾመኛ በምንድን ነው የሚያፈጥረው?» አሉ።

«በተምር!» አለ አዳራሹ ባንድ አፍ።

«እንግዲያው እያንዳንዱ ተለኪ በር ላይ ተምር ይሰጠዋል!»

«ጌታው!» ሙሀመድኑር ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። «ተምር ስኳር ነው! ከበሉት ልኬቱ ይበላሻል!»

«ማን ብሉ አለ? ይዘው ይጠብቁ። ተለክተው ሲወጡ ያፈጥሩበታል።»

«እሺ፣ በግራቸው ይያዙት በቃ።»

«ተምር በግራ እጅ?» አሉ አቶ ጀይሉ። «ማን ነው ያሳደገህ?»

«እንግዲያው ለመወጋት ግራቸውን ይስጡኝ።»

«ለመንግስት ግራ እጅ አይሰጥም።»

በዚህ ሁሉም ነገር መልክ ያዘ፤ ውይይቱም በስኬት ተጠናቀቀ።

ረመዳን ሳይገባ፣ የልኬቱ ቀን ግቢው ሞላ። ከጨፋ ሮቢት ገበሬው በሚኒባስ ወረደ፣ የከሚሴው በባጃጅ መጣ። ላስቲክ ጫማው አንድ ጥንድ ነው፤ የተለካው እያወለቀ ለተከታዩ ያቀብላል። በር ላይ ተምር ይታደላል፤ እኔ አጃቢ ብሆንም ደረሰኝ። ረጀብ ቢስሚላህ ብሎ በቀኙ ተቀበለ። ገና ሪቫኑ ሳይቆረጥ መብራት ጠፋ። መመሪያው መመሪያ ነውና ሁለት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆመን መብራት ጠበቅን። የከሚሴን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። ተምሩ በእጃችን ላይ ቀለጠ። ዝንብ መጣ። ሰው ግን ጨዋ ነው፤ አንድም ሰው አልበላም፣ አንድም ሰው ወደ ግራ እጁ አላዛወረም።

መብራት ሲመጣ አቶ ጀይሉ ሪቫኑን ቆረጡ። «ለህዝባችን አርአያ ለመሆን በቅድሚያ የምለካው እኔ ነኝ» አሉ፣ ተጨበጨበ። ተቀመጡ። ሙሀመድኑር መውጊያዋን ቀጭ ሲያደርጋት ፊታቸው የአመድ መልክ ያዘ።

«ይቅርታ» አሉ። «አሰራራችን ውክልናን ይፈቅዳል።» ዞር ብለው ተጣሩ። «ፋጡሜ!»

ፋጡሜ የጽህፈት ቤቱ ጽዳት ናት። ከፈጅር ጀምራ የእንግዶቹን ብርጭቆ ስታጥብ ነው ያረፈደችው። እጇ እስከ ክርኗ የሳሙና አረፋ ነው፤ በቀሚሷ እየጠራረገች መጣች። ተምር አልያዘችም። ለጽዳት ሰራተኛ ተምር ይሰጥ ያለ የለም።

«ወክይኝ» አሏት።

«ምን ብዬ?»

«ምንም አትበይ። ጣትሽን ስጪ፤ ንግግሩን እኔ እጨርሰዋለሁ።»

ተወጋች። ማሽኗ ዘጠና ሁለት አለች።

«በማን ስም ልመዝግበው?» አለ ሙሀመድኑር።

«የወከለ ማን ነው?»

«እርስዎ።»

«እንግዲህ!»

«አቶ ጀይሉ፣ ዘጠና ሁለት» ተብሎ ተመዘገበ። እልል ተባለ። ፋጡሜ ወደ ብርጭቆዋ ተመለሰች።

ከዚያ የህዝቡ ተራ ደረሰ። ሶስት መቶ አርባ። ሶስት መቶ ሰባ ሰባት። አራት መቶ ሁለት። አንዱ ሽማግሌ፣ ከጨፋ ሮቢት በእግራቸው መጥተው በእግራቸው የሚመለሱ፣ አራት መቶ አስራ ስምንት ተባሉ። «ኩን ኤሳ ዱፌ?» አሉ ጣታቸውን እያዩ። «ይሄ ከየት መጣ? ቤቴ ስኳር ከገባ ሁለት ወር አልፎታል እኮ!» ሰው አላቀሳቸው። የሚያላቅሳቸውም ተራው ደርሶ ሲለካ ሶስት መቶ ዘጠና ሆነ።

ረጀብ ሶስት መቶ ሰባ አንድ አለ። ባለፈው ወር መቶ ሃያ ስምንት ነበር።

«አቶ ጀይሉ፣ ባንድ ወር እንዴት እንዲህ ይሆናል?» አልኳቸው።

«እናቴ፣ ባለፈው ወር ጨለማ ላይ ነበርን» አሉኝ።

«ሰውየውስ ደህና ነው እኮ። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይቆጣል።»

«ስሜት ሳይሆን ቁጥር ነው የሚናገረው።»

ቁጥሩ ተናገረ። ሃያው ተሰርዞ በረጀብ ደብተር ላይ ሰላሳ አራት ተጻፈበት፣ ማህተም ተመታበት። ሙሀመድኑር ደብተሩን ሲመልስልኝ ቀና ብሎ አላየኝም። «እማ፣ ካመመው ጣፋጭ አቅምሱት» አለኝ በሹክሹክታ። ለስኳር በሽተኛ ጣፋጭ! ልጁ ደክሞታል ብዬ አለፍኩት። ረጀብ ተምሩን አልበላም፤ «ሶስት መቶ ሰባ አንድ የሆነ ሰው ተምር ይበላል?» ብሎ ሰጠኝ። ከእኔው ጋር ሁለቱንም ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኳቸው።

በዚያ ቀን ስልሳ አንድ በሽተኛ ተገኘ። የጽህፈት ቤቱ እቅድ አስራ አምስት ነበር። አፈጻጸሙ ከአራት መቶ በመቶ በላይ መሆኑ በሪፖርት ተጽፎ ወደ ላይ ሄደ። ከላይም ደስ አላቸው፤ በሶስተኛው ቀን ከሰዓት የምስጋና ወረቀት ይዘን እንመጣለን ብለው ደወሉ።

በሶስተኛው ቀን ጠዋት ረጀብ ሰላሳ አራቱን ተወግቶ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ቦርከና ዳር ያለችውን ሽንኩርታችንን ውሃ ሊያጠጣ ወጣ። እኔም ተከተልኩት። ረፋዱ ላይ ቦዩን ሲከፍት እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ላቡ በጀርባው ወረደ። «ረጀብ?» ስለው «እናቴ፣ በሬውን አስገቢው» አለኝ። በሬ የለንም። የሚጠራውም የሞቱትን እናቱን ነው። ከዚያ ቦዩ ውስጥ በጉልበቱ ተቀመጠ።

ያ አላህ! ሮጬ ያዝኩት። ሰውነቱ ሬሳ ይመስል ቀዝቅዟል፤ አይኑ ያየኛል፣ ግን አያውቀኝም። ያኔ የሙሀመድኑር ሹክሹክታ ትዝ አለኝ። ነጠላዬን ፈትቼ፣ ቢስሚላህ ብዬ ተምሩን በጣቴ ለስልሼ አፉ ውስጥ አደረግኩለት። አላመጠ። ሁለተኛውን ሰጠሁት። ከወዲያ ማዶ ያሉት ጎረቤቶች ሚሪንዳ ይዘው ደረሱ። ትንሽ ቆይቶ ቀና አለና «ምነው ታለቅሻለሽ? ውሃው እየፈሰሰ ነው፣ ቦዩን ዝጊው» አለኝ። አልሃምዱሊላህ፣ ረጀቤ ተመለሰ።

ደሴ ላቦራቶሪ ለምትሰራው ልጄ ለሰልሳቢል ልደውል ስልኬን ሳወጣ ስልኩ ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ተምሩ ነው።

«ኡሚ፣ ሲለካ እጁን ታጥቦ ነበር?» አለችኝ ሁሉን ስነግራት።

«ኧረ ውሃ ክልክል ነው። ኤሌክትሪክ አለው።»

«ማን ነው ያለው?»

«ጽህፈት ቤቱ።»

«እጁ ላይስ ምን ነበር?»

«ተምር ይዞ ነበር። አልበላም ግን! ጨዋ ነው አባትሽ።»

ከዚያ ቀስ አድርጋ፣ ለህጻን እንደሚነገር፣ «ኡሚዬ» አለችኝ፣ «ማሽኑ የደም ስኳር ይሁን የተምር ስኳር አይለይም። ጣቱ ላይ ያገኘውን ሁሉ ነው የሚቆጥረው። አባዬ ደህና ነው። በሃያው ይቀጥል። ነገ ጠዋት ሰላሳ አራት ቢወጋ ግን፣ ኡሚ፣ ደግሞም ሜዳ ላይ ብቻውን ቢሆን...» አልጨረሰችውም።

ለረጀብ ነገርኩት። ረጀብን ግን አታውቁትም፤ ስልሳ አራት ዓመቱ ነው፣ በህይወቱ አንድም ማህተም አልጣሰም።

«ነገ ሰላሳ አራት ነው የምወጋው» አለ።

«ሰውዬ፣ አሁን ልትሞት ነበር!»

«እሱ ሌላ ነገር ነው። ማህተም አለበት። ማህተም ያለበትን የሚሽረው ማህተም ያለበት ነው።»

ቤት አድርሼው፣ ነጠላዬን ቀይሬ፣ ዙህሬን ሰግጄ፣ አንድ ሳሙና ይዤ በባጃጅ ወደ ጽህፈት ቤቱ ሄድኩ። ነገ ጠዋት ሳይደርስ ማህተም ያስፈልገኛል።

እንግዶቹ መጥተዋል። ወይዘሮ ሸሪፋ የሚባሉ ሴትዮ ከላይ ተልከው፣ ካሜራ የያዘ ሰው አስከትለው ፊት ተቀምጠዋል። አቶ ጀይሉ ሁለተኛውን ሃይላንድ ጀምረዋል። ገብቼ «አቶ ጀይሉ፣ የረጀብ ቁጥር ስህተት ነው፤ አስተካክላችሁ ማህተም ምቱልኝ» አልኩ።

«የሰልሳቢል እናት፣ ቁጥሩ ወደ ላይ ሄዷል» አሉ በትዕግስት። «ወደ ላይ የሄደ ቁጥር ተመልሶ አይወርድም።»

«ባሌ ሊሞትብኝ ነበር።»

«ሀዘናችን ጥልቅ ነው። ግን አልሞቱም አይደል?»

«እንግዲያው ላሳያችሁ። ሙሀመድኑር፣ ፋጡሜን ለካት እስቲ።»

ፋጡሜ ከጓሮ መጣች። እጇ አሁንም ሳሙና ነው፤ አደረቀችው፣ ተለካች። ዘጠና አራት። ካርቶኑ ውስጥ ከተረፈው ተምር አንድ ሰጠኋት። በቀኝ እጇ አሸት አሸት አደረገችው፣ ያንኑ ጣቷን ሰጠች። ሶስት መቶ ስልሳ ስድስት።

«ይኸው!» አልኩ። «ሴትየዋ ያችው ናት። ደሟ ያው ነው። የተለወጠው ጣቷ ነው።»

አቶ ጀይሉ በጣም አዘኑ። «ባምስት ደቂቃ ውስጥ!» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «በሽታው ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ አያችሁ? መዝግብ! ስልሳ ሁለተኛ!»

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ፋጡሜ ተምሯን ጎርሳ «ዱጋ ነው? እውነት ታመምኩ?» አለችኝ። «አብሽሪ» አልኳት።

እኔ ግን ማህተም ሳላገኝ ቀረሁ። ነገ ጠዋት ሰላሳ አራት ነው። ልወጣ ስል ወይዘሮ ሸሪፋ ተነሱ። «እንግዲህ» አሉ፣ «በዚህ ሁሉ በሽታ መሃል ዘጠና ሁለት ይዘው የተገኙትን ሞዴል ጤነኛችንን በቪዲዮ እንቅረጽ። አቶ ጀይሉ፣ እዚሁ ፊታችን ይለኩ።»

አቶ ጀይሉ ሃይላንዳቸውን ተጎነጩ። «በደስታ። ፋጡሜ!»

«እሷ ለምን?»

«ውክልና...»

«ካሜራ ውክልና አይቀርጽም» አሉ ሴትየዋ።

«ይቅርታ፣ አስቸኳይ ስልክ...» ሊወጡ ተነሱ። ስልካቸው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እኔ አንስቼ አቀበልኳቸው። ተቀመጡ።

ሳሙናዬን አወጣሁ፣ ፋጡሜ ጆግ አመጣች። እንደ ልጄ ነው ያስታጠብኳቸው። «የሰልሳቢል እናት፣ ውሃና ኤሌክትሪክ!» ሲሉኝ ላስቲክ ጫማውን አመጣሁላቸው። አደረጉት። ጣት በጣት፣ ከጥፍራቸው ስር ሳይቀር ፈትጌ፣ በንጹህ ነጠላዬ አደረቅኩላቸው። ቀኝ እጃቸውን ሰጡ። አይናቸውን ጨፈኑ፣ ሸሃዳ ያዙ፤ እኛም አሚን አልን። ቀጭ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት፣ አራት፣ አምስት።

አራት መቶ ሰላሳ ስምንት።

ቆርቆሮው ሲንጣጣ ብቻ ይሰማል። የካሜራው ሰውዬ ቀስ ብሎ ካሜራውን ዝቅ አደረገ።

«ማሽኑ ተበላሽቷል!» አሉ አቶ ጀይሉ።

«ስልሳ ሁለቱን ሰው የለካው ይሄው ማሽን አይደለም እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ሸሪፋ።

«እነሱም ስህተት ናቸው! ሁሉም! ከመጀመሪያው ጀምሮ ጥርጣሬ ነበረኝ!»

«ወደ ላይ የሄደ ቁጥር አይወርድም አላሉም?» አልኩ እኔ።

«ይወርዳል! ለምን አይወርድም? ጸሐፊ፣ ጻፍ! በተጠቀሰው ቀን የተካሄደው ልኬት በሙሉ ተሰርዟል! ማንኛውም ታካሚ ወደ ነበረበት መጠን ይመለስ! ማህተም!»

ማህተሙ ሲያርፍ የሰማሁት ድምጽ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። አንድ ቅጂ ለረጀብ ተቀበልኩ፤ አጣጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። ሃያ። ነገ ጠዋት ሃያ። ሱጁድ ማድረግ ነው ያማረኝ፤ ሰው ፊት ሆነብኝ እንጂ።

ወጥቼ ልሄድ ነበር። ግን ሰውየው ኮታቸው ውስጥ ጠፍተው፣ በላስቲክ ጫማ ተቀምጠው ሳያቸው አንጀቴ አልቻለም። እሳቸውም የአንዲት እናት ልጅ ናቸው።

«አቶ ጀይሉ» አልኳቸው ጎንበስ ብዬ። «የስልሳ ሁለቱ ተሰርዟል፣ አላህ ይስጥልኝ። የእርስዎ ግን አይሰረዝም። እጅዎን እኔው ነኝ ያጠብኩት፤ እዚያ ጣት ላይ ተምር የለም። ውሃው፣ ጓሮው፣ ኮቱ፣ ሁሉም የዚሁ የስኳር ምልክት ነው። ረጀብም ሲጀምረው እንዲህ ነበር።»

ሃይላንዳቸውን አዩት። ኮታቸውን አዩት።

«ይድናል?» አሉ እንደ ልጅ።

«ይያዛል። ረጀብን ከያዘው ስድስት ዓመቱ ነው፤ ይኸው ሽንኩርት ያጠጣል።»

ወይዘሮ ሸሪፋ ሀኪም ቤት ደውለው ነበርና ሀኪሙ ደርሶ አያቸው፤ መርምሮ «ዛሬውኑ ኢንሱሊን መጀመር አለብዎት» አላቸው። ሙሀመድኑር መርፌውን አዘጋጅቶ መጣ።

አቶ ጀይሉ መርፌዋን አይተው ፊታቸው እንደዚያ ቀን የአመድ መልክ ያዘ። ቀና አሉ፣ ኮታቸውን አስተካከሉ፣ ድምጻቸውም የስብሰባ ድምጽ ሆነ።

«አሰራሩ እንደተጠበቀ ሆኖ» አሉ፣ «ፋጡሜን ጥሯት።»

ፋጡሜ ከጓሮ ሆና ድምጿን ለቀቀችው።

«እጄን እየታጠብኩ ነው በሏቸው!»